ለሰፈራችን ልጆች በዋናው ቡድን ቦታ እንስጥ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የስፖርት ኮሚቴው ያሰማው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል እንዳለ በዚህ ሰሌዳ ወጥቷል።)





 የውኃ መፋሰሻው ጉዳይ ከእኛ በፊት በሰፊው ስለተነገረ እኛ በቀጥታ ወደ ኳሱ እንገባለን። «ኳስ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ስብሰባ ይጠራበታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይፈረድበትም። ይሁንና የምንነጋገረው ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻችን ጭምር ነውና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። ባለፈው የሰፈሮች ውድድር ቡድናችን ካሰለፋቸው 11 ተጫዋቾች ውስጥ ስምንቱ ከሌላ ሰፈር የመጡ ነበሩ። ይህን ያደረገው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛው ነን። አሠልጣኙን አንወቅስም፤ «ዘንድሮ ዋንጫ ካልመጣ ለከርሞ ማልያ የሚገዛልን የለም» እያልን የጎተጎትነው እኛ ኮሚቴዎቹ ነን። እናንተ ከሱቅ ሱቅ፣ ከዕድር ዕድር ያዋጣችሁት ገንዘብ አብዛኛው ለትራንስፖርት፣ ለምሳና ለኪስ እየተባለ ለእንግዶቹ ወጣ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው በዚያ አቧራ ላይ የሚሮጡት የእኛ ልጆች ግን ከጨዋታ በፊት ኮን ይደረድሩ፣ በእረፍት ሰዓት ውኃ ያቀብሉ፣ ከጨዋታ በኋላ ላብ የጠጣ ማልያ ይሰበስቡ ነበር። አንዳንዱማ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ በየሳምንቱ ታኬታውን አሥሮ ተቀምጦ፣ ሳይሰለፍ ታኬታውን ፈትቶ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። በግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ከስምንቱ እንግዶች አምስቱ ሳይመጡ ቀሩ። ስልክ ብንደውል አይነሣም። ኋላ እንደሰማነው ሌላ ሰፈር የተሻለ ከፍሎ ወስዷቸዋል። እነሱንም ቢሆን አንረግማቸውም፤ በገንዘብ የመጣ በገንዘብ ይሄዳል። እኛም አማራጭ ስላጣን ታዳጊዎቹን «በሉ ልበሱ» አልናቸው። ልብ በሉ፤ ስላመንባቸው ሳይሆን ስለቸገረን ነው።

ማልያው ከትከሻቸው እየወረደ ገቡ። ገና በሩብ ሰዓት ሁለት ጎል ተቆጠረባቸው። ከሜዳው ዳር ስድቡ ዘነበ፤ የሰደቡትም የሌላ ሰፈር ሰዎች አልነበሩም፤ የእኛው ነበሩ። ከእረፍት በኋላ ግን ልጆቹ ተረጋጉ። ከጨርቅ ኳስ ጀምረው አብረው ያደጉ ስለሆኑ አንዱ ቀና ብሎ ሳያይ ሌላው የት እንደቆመ ያውቃል። አንድ ጎል መለሱ። በመጨረሻዋ ደቂቃ በቴስታ የተመታችው ኳስ አግዳሚውን መትታ ወደ ሜዳ ተመለሰች። 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከውድድሩም ወጣን።

ታዲያ ያን ዕለት አንድ ነገር አየን። ፊሽካው ሲነፋ ሰዉ አልተበተነም። እናቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎች ወደ ሜዳው ገብተው የልጆቹን ግንባር ሳሙ። በስምንት እንግዶች 3 ለ 0 ባሸነፍንበት ቀን ያልተሰማ እልልታ በተሸነፍንበት ቀን ተሰማ። ለምን? ሜዳው ውስጥ የነበረው የእከሊት ልጅ፣ የእከሌ ወንድም፣ ትናንት ዳቦ የላክነው ልጅ ስለሆነ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። ወሩ ሳይሞላ ከእነዚያ ልጆች ሁለቱ ወደ ሌላ ሰፈር ቡድን ሄዱ። ያ በግራ እግሩ የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ጭራሹን ኳስ ተወ። ቤቱ ድረስ ሄደን «ምነው?» ብንለው፣ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኔን የምታስታውሱኝ ሲቸግራችሁ ብቻ ነው» አለን። መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም። ዛሬ እፊታችሁ የቆምነው ያን መልስ ከእናንተ ጋር ሆነን ለመፈለግ ነው።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። የእኛም ነገር ይኸው ነው። ከሌላ ሰፈር የመጣ ተጫዋች አንድ አብዶ ሲሠራ እናጨበጭባለን፤ ያንኑ አብዶ የራሳችን ልጅ ሲሠራው «ምን ያቀብጠዋል!» እንላለን። እንግዳው ኳስ ሲነጠቅ «ደክሞት ነው»፣ የቤት ልጅ ሲነጠቅ «አልችል አለ»። ሁለት ሚዛን ይዘን ፍርድ የለም።

ይህ ጉዳይ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የአገርም ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ከገበያ አይገዛም። በየሰፈሩና በየክለቡ ያደገውን ነው የሚሰበስበው። በጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን በፍጻሜው ግብጽን (ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሣ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ፣ እነ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ በዚሁ በእኛው አፈርና አቧራ ላይ የበሰሉ ነበሩ። ከ1974 ዓ.ም የሊቢያው ውድድር በኋላ እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ ለመድረስ እስከ 2005 ዓ.ም፣ ማለትም 31 ዓመት ጠብቀናል። በመካከሉ፣ በ1993 ዓ.ም፣ ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን አርጀንቲና ድረስ ሄዶ በዓለም የወጣቶች ዋንጫ ተሳትፏል። ስለዚህ «ልጅ የለንም» ማለት አይቻልም። ልጁ አለ፤ ከታዳጊ ወደ ዋናው ቡድን የሚያሸጋግረው ድልድይ ነው የጠበበው። ያ ድልድይ ደግሞ የሚጀምረው ከላይ ሳይሆን እንደ እኛ ካለው የሰፈር ሜዳ ነው።

ወጣቶቻችን በየሳምንቱ መጨረሻ የእንግሊዝን ኳስ ለማየት የሚጋፉበት የማንቸስተር ዩናይትድ ክለብም ከዚህ አንጻር የሚያስተምረን አለው። ክለቡ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1937 ጀምሮ ለጨዋታ በያዘው ስብስብ ውስጥ ራሱ ያሳደገውን ቢያንስ አንድ ተጫዋች ሳይዝ ቀርቶ አያውቅም። ጦርነት መጣ፣ በ1958 የሙኒክ አደጋ ደረሰ፤ ልማዱ ግን አልተቋረጠም። በነሐሴ 1995 እነ ቤካምን፣ እነ ስኮልስን፣ እነ ኔቪልን ይዞ የውድድር ዘመኑን ሲጀምር በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ያን ማታ አንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተንታኝ በልጆች ዋንጫ አይገኝም ብሎ ተናገረ። ዘመኑ ሲዘጋ እነዚያው ልጆች የሊጉንም የኤፍ ኤ ካፑንም ዋንጫ አነሡ።

የስኮትላንዱ ሴልቲክ እ.ኤ.አ. በ1967 ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ ከክለቡ ስታዲየም በ48 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የተወለዱ ነበሩ። «የሰፈር ልጅ ዋንጫ አያመጣም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

«ያ ፈረንጅ ነው፤ ገንዘብ አለው» የሚል ካለ፣ ወደ አፍሪካችን እንመለስ። የአይቮሪ ኮስቱ አሴክ ሚሞሳ አካዳሚ ከፍቶ ታዳጊዎችን በአንድ ላይ አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአፍሪካ ሱፐር ካፕ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ በእነዚያው ለጋ ልጆች ገጥሞ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፈ። ኋላ በአርሰናል የምናውቀው ኮሎ ቱሬና ታናሽ ወንድሙ ያያ የዚያ አካዳሚ ፍሬዎች ናቸው። ነገር ግን እንዳንሳሳት፤ እነዚያ ልጆች በአንድ ጀምበር አልተሰበሰቡም፤ ለዓመታት በየቀኑ አብረው ሠርተዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም?

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ቢሆን ገንዘብ ልጆቹን እንዳይውጣቸው ሕግ አውጥቷል። በእሱ ውድድሮች ላይ አንድ ክለብ ከሚያስመዘግባቸው 25 ተጫዋቾች ውስጥ 8ቱ በአገር ውስጥ ያደጉ፣ ከእነሱም 4ቱ በክለቡ በራሱ ውስጥ ያደጉ መሆን አለባቸው። «ያደገ» የሚባለውም ከ15 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜው ሦስት ዓመት በዚያው የሠለጠነ ነው። ሀብታሞቹ ሕግ ካስፈለጋቸው፣ ለእኛ ለድሆቹማ እንዴት አያስፈልግ?

አሁን ደግሞ በየቡና ቤቱና በየሱቁ በር የሚነሣውን ተቃውሞ እናንሣ። የተቃወመን ሁሉ ጠላታችን አይደለም፤ ከተናገሩትም ውስጥ እውነት አለበት።

«ልጆች ጉልበት የላቸውም፤ ትልልቆቹ ይሰብሯቸዋል» ይባላል። ልክ ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ከ28 ዓመት ጎልማሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ አይጋፋም። ስለዚህ የምንናገረው 16 ዓመት ስለሞላውና ሰውነቱ ስለጠና ልጅ ነው። ከዚያ በታች ያለው በእኩዮቹ መካከል ይቆይ። ነገር ግን ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ልጆች እኩል አይረዝሙም። አንዱ በ13 ዓመቱ ይመዘዛል፤ ሌላው 17 እስኪሆነው አጭር ሆኖ ይቆያል። እኛ ሁልጊዜ ረጅሙን እየመረጥን አጭሩን ስንጥል ኖረናል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጣልነው በልጦ ሲገኝ ደግሞ «ማን አውቆ» እንላለን። ዕድሜ መቀነስ የሚባለውም ክፉ ልማድ ከዚሁ ይመጣል። የ20 ዓመቱን «17 ነው» ብለን ስናሰልፍ የእውነተኛውን የ17 ዓመት ልጅ ቦታ ሰርቀንበታል ማለት ነው።

«ዋንጫ እናጣለን» ይባላል። ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት እናጣ ይሆናል፤ አንዋሽም። ግን በእንግዶቹስ መቼ በላነው? የማንቸስተሩንም ታሪክ ሙሉውን እንናገር፤ እነዚያ ልጆች ብቻቸውን አልነበሩም፤ አጠገባቸው ካንቶናን የመሰለ፣ ከጀርባቸው ሽማይክልን የመሰለ ልምድ ያለው ሰው ነበር። ስለዚህ እኛም «እንግዳ በሙሉ ይባረር» አላልንም። ጥቂት የበሰሉ ሰዎች ለልጆቹ ምሰሶ ይሆናሉ። ቤቱ በሙሉ ምሰሶ ሲሆን ነው መግቢያ የሚጠፋው።

«ትምህርታቸውን ያሰናክላል» ይባላል። ይህን የሚሉት እናቶች ናቸውና እጅ ነሥተን እንቀበላለን። የተጫወተ ሁሉ በኳስ እንጀራ አይበላም፤ የሚበላው ጥቂቱ ነው። ይህን ለልጆቹ አለመንገር ማታለል ነው።

«እሺ፣ የማን ልጅ ይግባ?» ይባላል። አዎ፣ ትልቁ ጥያቄ ይኸ ነው። በዝምድና፣ በጉርብትና፣ በኮሚቴ ልጅነት የሚሆን ከሆነ ከእንግዶቹም የባሰ ይሆናል። ከእኛ ከኮሚቴዎቹ ውስጥ በታዳጊው ቡድን ልጅ ያለን አለን። ስለሆነም ምርጫው ላይ እጃችንን አናስገባም፤ ልጆቹን የሚለየው አሠልጣኙና የልምምድ መገኛ መዝገቡ ይሆናል። መዝገቡም በየ15 ቀኑ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የቀረ የቀረበት፣ የመጣ የመጣበት ቀን ለሁሉም ይታያል።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ሁሉ መነሻ በማድረግ ለሚመጣው ውድድር የሚከተለውን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከሚሰለፉት 11 ተጫዋቾች ቢያንስ አምስቱ በሰፈራችን የታዳጊ ቡድን ያደጉ ይሁኑ፤ በተጠባባቂ ወንበርም ቢያንስ ሦስት ይኑሩ። ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ከአራት አይበልጡ።

ሁለተኛ፤ ልጅ የሚገባው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ አይሁን። 4 ለ 0 ስንመራ አምስት ደቂቃ ማስገባት ዕድል መስጠት አይባልም፤ 4 ለ 0 ስንመራበት ማስገባትም ቅጣት ነው። ልጁ ቢሳሳት እንኳ በማግሥቱ አይውጣ፤ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ ይሰለፍና ከዚያ ይመዘን።

ሦስተኛ፤ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ እያንዳንዱ ተጫዋች በልምምድ ጊዜ አንድ የሰፈር ልጅ ይረከብ። አጥቂው አጥቂውን፣ በረኛው በረኛውን ያስተምር። ይህን የማይፈልግ ሰው ኳስ ቢችልም አንፈልገውም።

አራተኛ፤ የፈተና ሰሞን ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን። ከትምህርት የቀረ ልጅ የዚያን ሳምንት ጨዋታ አይሰለፍ።

አምስተኛ፤ ልጆቻችን በትክክለኛ ዕድሜያቸው፣ በልደት የምስክር ወረቀት ተመዝግበው መዝገባቸው ይያዝ። ነገ ከነገ ወዲያ ሕጋዊ ክለብ ሆነን በፌዴሬሽን ብንመዘገብ ይህ ወረቀት ዋጋ አለው። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ መሠረት አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ማስረጃ የሌለው ግን ምንም አይደርሰውም። ልጅን ማሳደግ ወጪ ብቻ አይደለም።

ስድስተኛ፤ ይህ አሠራር አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይሞከር። በሁለተኛው ጨዋታ ስንሸነፍ «አልን አይደል!» ብላችሁ እንዳታስፈርሱብን ከአሁኑ ቃል ግቡልን። ዘመኑ ሲያልቅ እንደዛሬው ተሰብስበን፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ቆጥረን፣ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

አሁን የቀረው ከሜዳው ዳር ያለው ሥራ ነው፤ ይኸም የእናንተ ነው። ልጅ ኳስ ሲያመልጠው አትስደቡት። በሪጎሬ ሳተ ብላችሁ እናቱን አታንሡ። የሚያዳምጠው አሠልጣኙን መሆን ሲገባው ሃምሳ ሰው ከዳር «ልቀቀው!» «ምታው!» «ያዘው!» ሲለው፣ እግሩ ይተሳሰራል። አባቶችም ልጃችሁ ተቀያሪ ሲሆን አሠልጣኙን በር ላይ አትጠብቁት። የሱቅ ባለቤቶች ደግሞ ለእንግዳ ኪስ ትሰጡ የነበረውን ለልጆቹ ታኬታ አድርጉት። ታኬታ የሚለዋወጡ ልጆች እንዳሉን ታውቃላችሁ፤ አንዱ ሲወጣ አውልቆ ለገቢው ያቀብላል።

ለእናንተም፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ለቆማችሁት ልጆች፣ የምንለው አለን። ዕድል ይሰጣችሁ ስንል በነፃ ይሰጣችሁ ማለታችን አይደለም። የሚሰጣችሁ በሩ ነው፤ መግባቱ የራሳችሁ ነው። በ12 ሰዓት ልምምድ 12 ከሩብ የሚመጣ፣ ጓደኛው ጎል ሲያገባ ፊቱን የሚያጠቁር፣ ሲቀየር ማልያ አውልቆ የሚወረውር የሰፈር ልጅ በመሆኑ ብቻ አይሰለፍም። ባለፈው በተሸነፋችሁበት ዕለት ያያችሁትን እልልታ አትርሱት። የጮኸላችሁ ሰው ያወቃችሁ ሰው ነው።

ያንን በግራ እግሩ የሚጫወተውን ልጅ ትናንት ማታ እንደገና ቤቱ ሄደን ነበር። «ቦታ ሰጥተንሃል» አላልነውም፤ ያን የመሰለ ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቷል። «ነገ ስብሰባ አለ፤ ና እና ስማ፤ ከዚያ በኋላ የምትፈልገውን አድርግ» ብቻ አልነው። መምጣት አለመምጣቱን እዚህ ሆነን መለየት አልቻልንም፤ ከኋላ ብዙ ሰው ቆሟል። ከመጣ ግን መልሳችን ይህ ነው፦ ሲቸግረን ብቻ ያስታወስንህ እውነት ነው፤ ጥፋታችን ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ከእንግዲህ የምናስታውስህ ሳይቸግረን ነው።

ውድ ነዋሪዎች፤ ያቀረብናቸው ስድስት ነጥቦች አሁን ለውይይት ክፍት ናቸው። የሚጨመር ካለ ጨምሩ፤ የሚቀነስ ካለ ቀንሱ፤ ከዚያም እጃችሁን አውጥታችሁ ወስኑልን። 

የስፖርት ኮሚቴው

(ከሰሌዳው አዘጋጆች፦ ከንግግሩ በኋላ በተደረገው ውይይት አንደኛው ነጥብ ላይ «አምስት» የሚለው «አራት» ተብሎ ተሻሽሎ፣ ስድስቱም ነጥቦች በአብላጫ ድምፅ ጸድቀዋል። የታዳጊዎች ምዝገባ ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይጀመራል። ወላጆች የልደት የምስክር ወረቀት ይዛችሁ ኑ።)